ያገለገሉ መኪኖች መሸጫ በደሴና በኮምቦልቻ፦ ፈቃዱን ከማውጣት እስከ መጀመሪያው ሽያጭ

መኪና መሸጫ ልክፈት የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ግቢ በመከራየት ነው። አጥር ያለው ሰፊ ቦታ ያገኛል፣ የስድስት ወር ኪራይ ቀድሞ ይከፍላል፣ ከዚያ ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ ሄዶ «የመኪና መሸጫ ፈቃድ ስጡኝ» ይላል። መስኮቱ ላይ ያለው ባለሙያ ግን ስለ ግቢው አይጠይቀውም። የሚጠይቀው «በየትኛው የንግድ መደብ?» ብሎ ነው። መልሱ በአንድ ኮድ የሚጻፍ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የሚከፍሉትን ግብር፣ የሚቆርጡትን ደረሰኝ፣ መኪናው በማን ስም እንደሚቆይና አደጋ ቢደርስ ማን እንደሚጠየቅ የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ ከግቢው በፊት መደቡ።

መደቡን መምረጥ

በመኪና ሽያጭ ላይ የተሰማራ ሰው ከሦስት አንዱ ነው። ደላላው ሻጭና ገዢን አገናኝቶ የድካሙን ይቀበላል፤ ውሉን የሚፈራረሙት ሁለቱ ናቸው። ኮሚሽን ወኪሉ መኪናውን ከባለቤቱ ተረክቦ በግቢው ያቆማል፣ ያስተዋውቃል፣ በባለቤቱ ሒሳብ ይሸጥና ኮሚሽኑን ያስቀራል። ሦስተኛው በራሱ ገንዘብ ገዝቶ፣ በስሙ አዙሮ፣ መልሶ የሚሸጥ ነጋዴ ነው። ከውጭ ማስመጣት ራሱን የቻለ ሌላ ፈቃድ ነው። ደግሞም መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ የደሴና የኮምቦልቻ መኪና መሸጫ የሚያገላብጠው በአብዛኛው አገር ውስጥ ያለውን መኪና ነው። እዚህ የምንጽፈውም ስለዚሁ ነው።

አነስተኛ ካፒታል ያለው ሰው ገዝቶ ሻጭ ልሁን ሲል እናስጠነቅቀዋለን። ምክንያቱን በቁጥር እንይ፤ ዋጋዎቹ ለስሌት ያህል ብቻ ናቸው።

አንድ ቪትዝ በ1,500,000 ብር ገዝተው በ1,560,000 ብር ሸጡ እንበል። በእጅ የገባው ልዩነት 60,000 ብር ነው። መኪናውን በሕጋዊ መንገድ በስምዎ ሲያዞሩ 2 በመቶ ቴምብር ቀረጥ አለ፤ በገዙበት ዋጋ ቢሰላ 30,000 ብር ይሆናል። የመሥሪያ ቤቱ ግምት ከውልዎ ዋጋ ከበለጠ ደግሞ የሚሰላው በግምቱ ነው። ቀጥሎ የገቢ ግብር ይመጣል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 አማራጭ ዝቅተኛ ግብር የሚባል ነገር አስገብቷል፤ በትርፍ ላይ የተሰላው ግብር ከዓመታዊ ሽያጭ 2.5 በመቶ ካነሰ፣ የሚከፈለው 2.5 በመቶው ይሆናል። የዚህ መኪና ድርሻ 39,000 ብር ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 69,000 ብር። የግቢ ኪራይ፣ የዘበኛ ደመወዝና የእጥበት ወጪ ሳይነሳ 9,000 ብር ከስረዋል።

ሁለተኛውን መኪና ሲሸጡ ደግሞ ዓመታዊ ሽያጭዎ 3 ሚሊዮን ብር አልፏል። ደረጃ «ሀ» እና ደረጃ «ለ» ግብር ከፋይን የሚለየው 2 ሚሊዮን ብር ስለሆነ፣ ሁለት መኪና ብቻ ሸጠው ሙሉ የሒሳብ መዝገብ የሚይዝ ነጋዴ ሆኑ ማለት ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ ምዝገባም የሚጀምረው ከዚያው መጠን ነው።

ያንኑ መኪና በ2 በመቶ ኮሚሽን ቢሸጡት የእርስዎ ገቢ 31,200 ብር ነው፤ ሽያጭ ተብሎ የሚመዘገብልዎትም ይኸው ብቻ። 2 ሚሊዮን ለመድረስ 65 መኪና መሸጥ ይኖርብዎታል። ቴምብሩ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በገዢው በኩል ይከፈላል። እንግዲህ ገዝቶ መሸጥ የሚያዋጣው ልዩነቱ ሰፊ ሲሆን ነው፦ ተጋጭቶ የቆመ፣ ሞተሩ የወረደ፣ ባለቤቱ ቶሎ ገንዘብ የፈለገበት፣ ገዝተው አሳድሰው ዋጋውን ከፍ የሚያደርጉት መኪና። 1.5 ሚሊዮን ገደማ በሚያወጣ መኪና ላይ ከ70,000 ብር በታች ልዩነት ካለ በኮሚሽን ቢያዝ ይሻላል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ይታወቅ። በኮሚሽን ፈቃድ ተመዝግቦ በተግባር እየገዙ መሸጥ፣ ማለትም ለሻጩ ሙሉ ገንዘቡን ከፍሎ ውክልና ተቀብሎ «ወኪል ነኝ» ማለት፣ በዚህ ሥራ በሰፊው የሚታይ ነው። ይህ ከፈቃድ ውጭ መነገድም ገቢ መደበቅም ነው። የባንክ ዝውውሩ ሲታይ ለመካድ ይከብዳል። ሁለቱንም ለመሥራት ካሰቡ ሁለቱንም መደቦች ያስመዝግቡ፤ የንግድ ምዝገባው አንድ ሆኖ ፈቃዱ በየመደቡ ሊወጣ ይችላል።

መምሪያው ሲሄዱ ሦስት ነገር በግልጽ ይጠይቁ፦ ለመረጡት ሥራ የሚሆነው የመደብ ኮድ የትኛው እንደሆነ፣ ለዚያ መደብ የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቅ እንደሆነና ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚመጣ፣ ቦታው ይታይ እንደሆነ። መልሱን ሲሰጡዎት የኮዱን መግለጫ ራስዎ ያንብቡ። «የተሽከርካሪ መለዋወጫ» እና «ተሽከርካሪ»፣ «አዲስ» እና «ያገለገለ»፣ «ጅምላ» እና «ችርቻሮ» በተለያየ ኮድ ስለሚቀመጡ አንዱ ቃል ሳይስተዋል ያልፍና በኋላ ማስለወጥ እንደ አዲስ ማውጣት ያህል ያደክማል።

ግቢው

ኪራይ ውል ከመፈረምዎ በፊት ባለቤቱ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ እንዳለውና ካርታው ላይ የተጻፈው አገልግሎት ለንግድ መሆኑን ይዩ። ለመኖሪያ የተሰጠ ግቢ ላይ መኪና ደርድሮ መሸጥ ፈቃድ ሰጪው ቦታውን ሲያይ ይቀራል። ውሉ ላይ የተጻፈው አድራሻ፣ ክፍለ ከተማው፣ ቀበሌውና የቤት ቁጥሩ፣ ከካርታው ጋር አንድ መሆን አለበት። የቤት ቁጥር የሌለው ክፍት ቦታ ከሆነ መጀመሪያ ከቀበሌው ማረጋገጫ ያጽፉ። አከራዩ የኪራይ ገቢ ግብሩን ካልከፈለ የእርስዎ የኪራይ ወጪ በገቢዎች ዘንድ ያከራክራል፤ ደረሰኝ የማይሰጥ አከራይ ርካሽ ቢሆንም አይበጅም።

ደሴ ላይ ጠፍጣፋ ቦታ ውድ ነው። ከተማዋ በጦሳ ሥር ተዳፋት ላይ የተሠራች ስለሆነች ፒያሳና አራዳ አካባቢ አሥር መኪና የሚያቆም ግቢ ማግኘት ከባድ ነው፤ በቧንቧ ውኃ ወይም ወደ ገራዶ አቅጣጫ መፈለጉ ይቀላል። ኮምቦልቻ ሜዳ በመሆኗ ቦታ ይገኛል፣ የከባድ መኪና ገዢም እዚያ ይበዛል፦ ከሚሌ በባቲ የሚመጣው መንገድ፣ ደረቅ ወደቡ፣ ጉምሩኩና ኢንዱስትሪ ፓርኩ እዚያ ናቸው። በግምት፣ የቤት መኪና ለመሸጥ ደሴ፣ አይሱዙና ሲኖትራክ ለመሸጥ ኮምቦልቻ ይሻላል። በሁለቱም ከተማ መሥራት ካሰቡ ቅርንጫፉን በንግድ መዝገብዎ ላይ ያስመዝግቡ፤ ሁለቱ የየራሳቸው ከተማ አስተዳደር ስላላቸው የደሴውን ፈቃድ ፎቶ ኮፒ ኮምቦልቻ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አያስኬድም።

ለአሥር የቤት መኪና በሮቹ ተከፍተው ሰው እንዲዞር ቢያንስ 250 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል፤ በየመኪናው 25 ካሬ ብለው ያስሉ። በክረምት ጭቃ የማይሆን ጠጠር ወይም ኮብልስቶን፣ ሁለት ባለ 6 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ፣ የሌሊት መብራትና ዘበኛ የግድ ነው። የሰው መኪና በአደራ ስለሚይዙ የስርቆትና የእሳት መድን ቢገቡ ወጪው አይቆጭም።

ምዝገባውና ፈቃዱ በቅደም ተከተል

መጀመሪያ የፋይዳ መታወቂያ። ስምዎ በፋይዳ፣ በቀበሌ መታወቂያና በባንክ ሒሳብ ላይ በአንድ አጻጻፍ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በአንዱ «ሰኢድ» በሌላው «ሰይድ» ሆኖ መዝገቡ አልገናኝ ያለው ሰው ብዙ ነው። የሚስተካከለው ደግሞ ስሕተቱ ባለበት መሥሪያ ቤት እንጂ በንግድ መምሪያው አይደለም።

ቀጥሎ በግል ነው ወይስ በድርጅት የሚለውን ይወስኑ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። ይህ የሚጠቅመው የግል ንብረትዎን ከንግዱ ዕዳ ለመለየት ነው። በሌላ በኩል ድርጅት ሽያጩ ምንም ያህል ቢያንስ ደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ነው፤ ስለዚህ በኮሚሽን ብቻ ለሚጀምር ሰው ከላይ ያሰላነውን ጥቅም ያስቀርበታል። በኮሚሽን የሚሠራ በግል፣ ገዝቶ የሚሸጥ በማኅበር ቢጀምር ይስማማል ባዮች ነን።

ከዚያ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር። የሚወጣው ከገቢዎች መምሪያ ነው። ቀድሞ በቅጥር ሥራ ያወጡት ቁጥር ካለዎት ያው ነው የሚያገለግለው፤ አንድ ሰው ሁለት መለያ ቁጥር አይኖረውም። ከዓመታት በፊት ሱቅ ከፍተው ፈቃዱን ሳይመልሱ ዘግተው ከነበረ ዕዳው ይህን ጊዜ ብቅ ይላል፤ እሱን ሳይጨርሱ ወደፊት አይኬድም።

የንግድ ስም ሲያስመዘግቡ ሦስት አማራጭ ይዘው ይቅረቡ። «ወሎ»፣ «ጦሳ»፣ «ላኮመልዛ» ያለበት ስም ቀድሞ የተያዘ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። የሌላ ሰው ስም ላይ አንድ ፊደል ቀይሮ ማቅረብም ውድቅ ያደርጋል። የመኪና አምራቹን ስም፣ ቶዮታን ወይም አይሱዙን፣ በንግድ ስምዎ ውስጥ ከማስገባት ይቆጠቡ።

አሁን የንግድ ምዝገባው ይሞላል፤ ማመልከቻው በኢትሬድ ኦንላይን ሥርዓትም ሊቀርብ ይችላል። ምዝገባና ፈቃድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምዝገባው ነጋዴነትዎን፣ ስምዎን፣ ካፒታልዎንና አድራሻዎን የሚያሰፍር ነው። ፈቃዱ ለመደቡ የሚሰጥ ሲሆን በየዓመቱ ይታደሳል። «ተመዝግቤያለሁ» ብሎ ፈቃዱ ሳይወጣ ሥራ መጀመር ያለ ፈቃድ መነገድ ነው፤ ይህም በአዋጅ ቁጥር 980/2008 በእስራትና በገንዘብ ያስቀጣል። ካፒታል ሲያስመዘግቡ አይኩራሩ፤ በእጅዎ የሌለ ገንዘብ ማስመዝገብ የሚያተርፍልዎት ገቢዎች ዘንድ «ይህ ካፒታል ከየት መጣ?» የሚል ጥያቄ ነው።

ይዘው የሚሄዱት አቃፊ ውስጥ፦ የፋይዳና የቀበሌ መታወቂያ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የመለያ ቁጥር ምስክር ወረቀት፣ የኪራይ ውል ከካርታው ኮፒ ጋር፣ በራስዎ ይዞታ ከሆነ ካርታው፣ ማኅበር ከሆነ የጸደቀ የመመሥረቻ ጽሑፍ፣ ለመደቡ ከተጠየቀ የብቃት ማረጋገጫ። ዋናውን ሁሉ ለማመሳከር ይያዙ፤ ኮፒ ብቻ ይዞ መሄድ አንድ ቀን ያስበላል።

ደረሰኝና ታክስ

ፈቃዱ እንደወጣ ደረሰኝ ሳይታተም መኪና አይሽጡ። ደረሰኝ የሚታተመው በገቢዎች ፈቃድ ሲሆን ደረጃ «ሀ» ከሆኑ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ፣ ካሽ ሬጅስተሩ፣ ያስፈልጋል። ኮሚሽን ወኪል ደረሰኝ የሚቆርጠው ለኮሚሽኑ ነው፤ የመኪናውን ሙሉ ዋጋ በራሱ ደረሰኝ ከቆረጠ ሽያጩ በሙሉ የእሱ ሆኖ ይመዘገብበታል። ከዚህ ቀላል ስሕተት ለመውጣት ወራት ይፈጃል።

ገዝተው የሚሸጡና ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገቡ ከሆነ ልብ ይበሉ፤ ከግለሰብ የተገዛ መኪና የቫት ደረሰኝ ስለሌለው የሚቀናነስ የግብዓት ታክስ በእጅዎ የለም። በ1,560,000 ብር የተሸጠው ቪትዝ ላይ ታክሱ በሙሉ ዋጋው ውስጥ አለ ተብሎ ቢሰላ 203,478 ብር ይሆናል፤ ከትርፉ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን መኪና ከመግዛትዎ በፊት የታክሱ መሠረት በእርስዎ ሁኔታ እንዴት እንደሚሰላ ለገቢዎች መምሪያ በደብዳቤ ጠይቀው መልሱን በጽሑፍ ይቀበሉ። በቃል የተሰጠ መልስ ኦዲተር ሲመጣ ዋጋ የለውም።

ለንግዱ የተለየ የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ። የሻጩ ገንዘብ በእርስዎ ሒሳብ ማለፉን ካስቀሩት፣ ማለትም ገዢው ለባለቤቱ በቀጥታ አስገብቶ ለእርስዎ ኮሚሽኑን ብቻ ቢከፍል፣ ግማሹ የታክስ ክርክር ከመነሻው ይቀራል።

የመኪናው ወረቀት

ፈቃድ ያለውን ነጋዴ ከመንገድ ዳር ደላላ የሚለየው ወረቀት የማጣራት አቅሙ ነው፤ ገዢም የሚመጣለት ለዚህ ነው። አንድ መኪና ወደ ግቢው ከመግባቱ በፊት እነዚህ ይታያሉ።

ሊብሬው። ኮፈኑን ከፍተው የሞተር ቁጥሩንና የሻንሲ ቁጥሩን በባትሪ ብርሃን እያዩ ከሊብሬው ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። ቁጥሩ የተመታበት ብረት ዙሪያ ብየዳ፣ አዲስ ቀለም ወይም የተፋቀ ነገር ካለ መኪናውን አይቀበሉ። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ያልተስተካከለ ከሆነ ስም ማዞሪያው ላይ ይቆማል፤ ባለቤቱ የሞተሩን ግዢ ደረሰኝና ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ሰነዱን) አቅርቦ መጀመሪያ ያስተካክል። ቀለሙም እንደዚሁ፤ ሊብሬው «ነጭ» እያለ መኪናው ብርማ ከሆነ ችግር ነው።

ምትክ ሊብሬ። በጥቅምትና ኅዳር 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ በተያዙበት ጊዜ ሰነድም መኪናም የጠፋበት ሰው ብዙ ስለሆነ፣ ምትክ ማየት በዚህ አካባቢ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ምትክ መሆኑ ብቻውን ጥፋት የለውም። ነገር ግን ዋናው ሊብሬ በሌላ ሰው እጅ መኖሩን፣ መኪናው ተሰርቋል ተብሎ ለፖሊስ መመልከቱን ፋይሉ ካለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያጣሩ።

ዕዳና ዕገዳ። ይህ የሚታየው መኪናው በተመዘገበበት ቦታ ነው። የ«አአ» ሰሌዳ ያለው መኪና ፋይሉ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አዲስ አበባ ስለሆነ ማጣሪያው ከዚያ መምጣት አለበት፤ ጊዜውንና ወጪውን ማን እንደሚሸከም ከሻጩ ጋር አስቀድመው ይስማሙ። በፋይሉ ላይ የፍርድ ቤት ዕግድ፣ የባንክ ማስያዣ፣ ያልተከፈለ የትራፊክ ቅጣት ሊኖር ይችላል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1147 መሠረት የሚንቀሳቀስ ንብረት በብሔራዊ ባንክ በሚተዳደር መዝገብ ላይ ለብድር መያዣነት ስለሚሰፍር እሱንም ያሳዩ።

ቀረጥ። ኮምቦልቻ ላይ ይህ በተለይ ይበረታል። ከቀረጥ ነፃ መብት ያለው ባለሀብት ያስገባው ፒካፕ፣ የረድኤት ድርጅት መኪና፣ ከውጭ ተመላሽ ያመጣው መኪና በርካሽ ሲቀርብ አይን ይስባል። መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ጉምሩክ ቀርቦ ቀረጡ ተሰልቶ መከፈል አለበት። ሳይከፈል የተሸጠ መኪና ይወረሳል፤ የሚወረሰው ደግሞ በያዘው እጅ ነው። ሻጩ «ቀረጡን በኋላ እጨርሳለሁ» ካለ ጨርሶ ይምጣ። የተከፈለበትን ዲክላራሲዮን ኮፒ ይዘው ኮምቦልቻ ጉምሩክ ቅርንጫፍ በማሳየት ትክክለኛነቱን ያረጋግጡ።

ባለቤቱ። ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት፣ ካልሆነ ያላገባ ማስረጃ። መኪናው የሟች ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ከወራሾቹ አንዱ ብቻ መጥቶ «ወንድሞቼ ተስማምተዋል» ቢል ሁሉም ቀርበው ካልፈረሙ ወይም ካልወከሉ ተቀባይነት የለውም።

ውክልና። በዚህ ሥራ ትልቁ መዘዝ ይህ ነው። ባለቤቱ ዓረብ አገር ነው፣ ወንድሙ በውክልና ይሸጣል። ውክልናው ላይ ይህን መኪና «የመሸጥ፣ ስም የማዞር፣ ገንዘብ የመቀበል» የሚል በግልጽ ካልተጻፈ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። መሻሩን ወይም አለመሻሩን ከሰጠው ሰነድ ማረጋገጫ ያጣሩ። ወካዩ ከሞተ ውክልናው ያበቃል፤ ስለዚህ ውል ከመፈረሙ በፊት ባለቤቱን በቪዲዮ ስልክ አግኝቶ ዋጋውን ከአንደበቱ መስማት ደግ ልማድ ነው። እርስዎም ቴምብሩን ለመሸሽ በውክልና እየያዙ ለቀጣዩ ገዢ በውክልና ውክልና ማስተላለፍ ውስጥ አይግቡ፤ ሦስተኛው እጅ ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው ባለቤት ይሞታል፣ ወይም ዋጋ ጨምሯል ብሎ ይሽራል።

የመኪናው አካል

ወረቀቱ የተሟላ ከሆነ ወደ ብረቱ። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ከ1,850 ሜትር ገደማ ተነስቶ በሐረጎ ዳገት ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ይወጣል። ከዚህ የተሻለ መፈተሻ የለም። መኪናውን በጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ ራስዎ ያስነሱት። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይቅጠሩ፤ በቀዝቃዛ ሞተር የሚሰማ ድምፅና የሚወጣ ጭስ ሲሞቅ ይጠፋል።

ዳገቱን ሲወጡ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጁን ሲረግጡ የሞተሩ ድምፅ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል። የሙቀት ጠቋሚው ከመሐል ካለፈ ራዲያተሩ፣ ፋኑ ወይም የቴስታ ጓርኒሲዮኑ ነው፤ ሲቀዘቅዝ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውኃው ላይ ዘይት ካዩ ጓርኒሲዮኑ ነው። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ያቃጥላል ማለት ነው። ደሴ ደርሰው ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን በተረገጠ ቁጥር መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ዲስኩ ተጣሟል። ካምቢዮው በቁልቁለት ማርሽ የሚያወጣ ከሆነ ዋጋው ላይ የሚቀነስ ትልቅ ጥገና አለ።

ስቱኮን (የተጎዳ ብረት የሚሞላበትን ማሸጊያ) ለማወቅ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለው በሮቹና ኮፈኑ ላይ ያሳልፉ፤ የማይዝበት ቦታ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ። ኪሎ ሜትር መመለስ የተለመደ ስለሆነ በሰዓቱ አይመሩ፤ የፍሬን ፔዳሉን ጎማ፣ መሪውን፣ የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ ይዩ። 60 ሺህ ይነበባል ብሎ ፔዳሉ የተላጠ መኪና 200 ሺህ ሄዷል ቢሉት ከእውነቱ አይርቁም። ያገኙትን በአንድ ገጽ ጽፈው ሻጩን ያስፈርሙ፤ ይኸው ገጽ ለገዢው ይሰጣል። ጉድለት አውቆ የደበቀ ሻጭ «እንዳለ ነው የሸጥኩት» የሚል ቃል ውሉ ላይ ቢያስገባም አይድንም።

ውሉና ስም ማዞሩ

ከባለቤቱ ጋር የሚፈራረሙት የኮሚሽን ውል አራት ነገር በቁጥር ያስቀምጥ፦ ዝቅተኛውን የመሸጫ ዋጋ፣ የኮሚሽኑን መጠንና ማን እንደሚከፍል፣ መኪናው ግቢ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ (60 ቀን ይበቃል)፣ ባለቤቱ ራሱ ለእርስዎ እንግዳ ቢሸጥ የሚከፍለውን። ከዝቅተኛው ዋጋ በላይ የተገኘው የማን እንደሆነ ካልተጻፈ ጠብ አይቀርም። ሲረከቡ ኪሎ ሜትሩን፣ የነዳጁን መጠን፣ መለዋወጫ ጎማውን፣ ክሪክና ሬዲዮውን መዝግበው ፎቶ ያንሱ።

ገዢ ቀብድ ሲሰጥ በደረሰኝና በጽሑፍ ይሁን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቀብድ የሰጠው ሐሳቡን ከለወጠ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከለወጠ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ ባለቤቱን ሳያማክሩ ቀብድ አይቀበሉ፤ እጥፉን የሚከፍሉት እርስዎ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሽያጩ ሲጸና ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ማጣሪያው በእጅ ይያዛል፣ ቦሎውና የሦስተኛ ወገን መድኑ ያላለፈበት መሆኑ ይታያል፣ ውሉ ሰነድ ማረጋገጫ ቀርቦ ይጸድቃል፣ ገንዘቡ በባንክ ይተላለፋል፣ ቴምብሩና የአገልግሎት ክፍያው ይከፈላል፣ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ስሙ ይዞራል። ቁልፉ ከዚህ በፊት አይሰጥም። መኪናው በስሙ የተመዘገበ ሰው መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ስለሚጠየቅ፣ ገዢው «ነገ አዞራለሁ» ብሎ ነድቶት ሐረጎ ላይ ሰው ቢገጭ የሚጠራው የቀድሞው ባለቤት ነው። ለሙከራ ሲሰጡም መንጃ ፈቃዱን አይተው፣ ኮፒ አስቀርተው፣ የራስዎ ሰው አብሮት ይሂድ።

ውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ ማጻፍ ቴምብር ለመቀነስ ይደረጋል፤ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ግምት ስለሚያስከፍል ጥቅሙ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። ሽያጩ ፈርሶ ፍርድ ቤት ከተደረሰ ደግሞ ገዢው የሚመለስለት የተጻፈው ነው።

እድሳት

የንግድ ፈቃድ ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ያለ ቅጣት ይታደሳል፤ ከዚያ በኋላ ቅጣት አለው። ለእድሳቱ የግብር ክሊራንስ ስለሚጠየቅ መጀመሪያ ግብሩ ይጠናቀቅ፤ ደረጃ «ሀ» ሒሳቡን እስከ ጥቅምት 30 ያቀርባል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሰልፉም ይረዝማል፣ ሲስተሙም ይጨናነቃል፤ ኅዳር ላይ ቢጨርሱ ይሻላል። ግቢ ከቀየሩ የአድራሻ ለውጡን ሳያስመዘግቡ አዲሱ ቦታ ላይ መሸጥ አይቻልም። ሥራውን ካቆሙ ደግሞ በሩን ዘግቶ መሄድ አይበቃም፤ ፈቃዱን ይመልሱ፣ መለያ ቁጥሩ ላይ ያለው ንግድ መዘጋቱን በገቢዎች ያስመዝግቡ፣ ያልተቆረጡ ደረሰኞችን ያስረክቡ፣ ካሽ ሬጅስተሩን ያስዘጉ።